የእጅ ሐኪሙ ፖል ብራንድ

ከአዲስ አበባ ከተማ በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ሕዝቡ ዘነበ ወርቅ እያለ የሚጠራው ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው በልዕልት ዘነበ ወርቅ መታሰቢያ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚሁ ቦታ በ1965 ዓ.ም. አለርት የሚባለው ታላቅ የሕክምናና የማስተማሪያ ቤት ተመሠረተ። ይህ ቤት እንዲቆም ከደከሙት ሰዎች አንዱ ፖል ብራንድ የሚባል የእጅ ሐኪም ነበረ። ታሪኩም ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ፖል ብራንድ በ1914 ዓ.ም. በደቡብ ህንድ፥ ኮሊ ማላይ በሚባል ተራራማ አገር ተወለደ። አባቱ ጄሲ እናቱም ኢቭሊን ከእንግሊዝ አገር የመጡ ወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ። አባቱ ቤት መሥራት ያውቅ ነበር፤ ጥቂትም ሕክምና ተምሮ ነበር። ስለዚህ ለተራራው ሰዎች ወንጌል ይሰብክ፥ የእጅ ሥራም ያስተምር፥ ሕሙማንንም ያክም ነበር።

አንድ ቀን ሦስት እንግዶች ወደ ቤታቸው መጡ። እጃቸውና እግራቸው ቈስሎ፥ ጣቶቻቸውም አጥረው ነበር። አባቱ በሌላ ጊዜ በሽተኛን ያለ ፍርሃት በባዶ እጁ ይዳስስ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ጓንት አድርጎ ቍስላቸውን አጠበ፥ መድኃኒትም ቀብቶ በጨርቅ ጠቀለለላቸው። እናቱም ምግብ በቅርጫት አድርጋ ሰጠቻቸው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቅርጫቱ ተቃጠለ፤ ልጆቹም እነርሱ በተቀመጡበት ስፍራ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። በዚያን ዘመን ሥጋ ደዌን የሚያድን መድኃኒት ስላልነበረ ሰው ሁሉ ይፈራው ነበር። ሕፃኑ ፖል ያንን ፍርሃት አየ፤ ዕድሜውንም ሁሉ አልረሳውም።

9 ዓመት ሲሆነው ከእኅቱ ጋራ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። በ1929 ዓ.ም. አባቱ ከወባ በሚመጣ ክፉ ትኵሳት ሞተ። መርዶው በቴሌግራም ፈጥኖ ደረሰ። አባቱ በሕይወት ሳለ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን በመርከብ ይመጡ ስለ ነበረ፥ ከመርዶው በኋላም ለብዙ ሳምንት አንድ በአንድ ይደርሱት ነበር። ልጁም የሞተውን አባቱን ቃል እያነበበ አለቀሰ፤ ተጽናናም።

ፖል ትምህርት ቤቱን በፈጸመ ጊዜ ሐኪም መሆንን አልወደደም። ደምና መግል ማየት ያስጸይፈው ነበር። እንደ አባቱ ግንበኛ ለመሆን ፈልጎ፥ እንጨት መላግን፥ ድንጋይ መጥረብን፥ ግንብ ማቆምን ለዓመታት ተማረ። ከዚያ በኋላ ለሰባኪዎች የሚሰጠውን አጭር የሕክምና ትምህርት ጀመረ። አንድ ሌሊት በሆስፒታል ሳለ፥ ደሟ ፈስሶ ለመሞት የደረሰች ሴት የሌላ ሰው ደም በተሰጣት ጊዜ ነፍስ ስትዘራ አየ። ያን ጊዜ ልቡ ተለወጠ። በሎንዶን ከተማ ሕክምናን በሙሉ ለመማር ገባ። የግንበኝነቱ ዓመታት በከንቱ ያለፉ መሰሉ፤ ግን እንዲህ አልነበረም።

በ1940ና በ1941 ዓ.ም. የጀርመን አውሮፕላኖች ሎንዶንን በቦምብ ሲደበድቡ፥ ብዙ ቍስለኞች ወደ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። ፖልም የተቈረጠውንና የተሰበረውን እጅ መጠገን በዚያ ተለማመደ። በ1943 ዓ.ም. ማርጋሬት የምትባል የትምህርት ባልደረባውን አገባ፤ እርስዋም በኋላ የታወቀች የዓይን ሐኪም ሆነች። በ1946 ዓ.ም. ወደ ተወለደበት ወደ ህንድ አገር ተመልሶ፥ በቬሎር ከተማ ባለው የክርስቲያን የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪምና አስተማሪ ሆነ።

በዚያ ወራት ሮበርት ኮክሬን የሚባል የሥጋ ደዌ ሐኪም ወደሚሠራበት ስፍራ ሄደ። ብዙ ሰዎችም ጣቶቻቸው እንደ ንስር ጥፍር ወደ ውስጥ ታጥፈው አየ። ለምን ሐኪም እንደማያቀናላቸው ቢጠይቅ፥ ይህን ሥራ የሞከረ የአጥንት ሐኪም እንዳልተገኘ ተነገረው። ፖል ከሕሙማኑ የአንዱን እጅ ጨብጦ፥ በኀይል እንዲጨብጠው ለመነው። ሕመምተኛውም ሲጨብጠው ጣቶቹ እንደ ብረት ጠነከሩበት፤ ሐኪሙም ከሕመሙ የተነሣ ሊጮኽ ደረሰ። ነገር ግን በዚያ ሕመም ውስጥ ደስታ አገኘ፤ ሞተ የተባለው እጅ ኀይሉ ገና እንዳልሞተ ዐውቋልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋ ደዌ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ተሕዋስ ነው፤ ይህንንም ሐንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም በ1873 ዓ.ም. አግኝቶታል። ተሕዋሱ እንደ ክር የቀጠኑትን ነርቮች ይጐዳል። ነርቭ ሲጐዳ እጅ ትኵሱንና ቀዝቃዛውን አይለይም፤ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቾችም ይሰንፋሉ፤ ጣትም ይታጠፋል። በክንድ ላይ ካሉት ታላላቅ ጡንቾች ግን ብዙዎቹ ደኅና ናቸው። እነርሱ ጣትን የሚስቡት በረጃጅም ጅማቶች ነው።

የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራና ከመቃኛው ጋራ እንደሚታሰር የታወቀ ነው። አንዱ አውታር ቢበጠስ፥ ደርዳሪው ብዙ የማያስፈልገውን ሌላ አውታር ፈትቶ በተበጠሰው ስፍራ ሊያስረው ይችላል። ዶክቶር ብራንድም በእጅ ላይ እንዲሁ አደረገ። ጣትን የሚያጥፉ ሁለት ጅማቶች ስላሉ፥ አንዱን በጥንቃቄ ፈትቶ በሌላ መንገድ አሳልፎ፥ የሰነፈውን ጡንቻ ሥራ እንዲሠራ አድርጎ ሰፋው።

ነገር ግን የተሰፋ እጅ ሁሉ የዳነ እጅ አይደለም። ሕመምተኛው ሦስት ሳምንት ያህል እጁ በጀሶ ታስሮ ይቀመጣል። ጀሶው ሲፈታ ትልቁ ሥራ ይጀመራል። ትናንት ጣት ሲያጥፍ የነበረው ጅማት ዛሬ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ የእጁ ባለቤትም ይህን ገና አልለመደም። ጣቱን ሊዘረጋ ሲያስብ ጣቱ አይታዘዝም። አውታሩ የተለወጠበት ደርዳሪ ጣቱን እንደ ገና እንደሚያለማምድ፥ እርሱም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይለማመዳል። መጀመሪያ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ቀጥሎ ትንሽ ነገር ያነሣል፤ በመጨረሻም ራሱ ይጐርሳል፥ ይጽፋልም። የሐኪሙ ሥራ በሰዓታት ይፈጸማል፤ የሕመምተኛው ሥራ ግን ወራት ይፈልጋል።

ሐኪሙ ግን ያላሰበው ሌላ ችግር መጣ። እጁ የተቀናለት አንድ ሰው በልቶ ለማደር ስላልቻለ ተመልሶ መጣ። እጁ ታጥፎ ሳለ ሰው እያዘነ ይመጸውተው ነበር። አሁን እጁ ቀና ስለ ሆነ ምጽዋቱ ቀረ። በሽታውን የሚያውቁ ሰዎችም ሥራ አይሰጡትም፤ ቤትም አያከራዩትም። ዶክቶር ብራንድ ይህን ሰምቶ እጅግ ዐዘነ። ለሰውየው ጣቶችን ሰጥቶት ነበር፤ ጣቶቹ የሚሠሩትን ሥራ ግን አልሰጠውም ነበር።

በዚያን ጊዜ ከንቱ የመሰለው የግንበኝነት ትምህርት ጠቀመው። በቬሎር ትንንሽ ጐጆዎችና አንድ የሥራ ቤት ያሉበት ስፍራ ተቋቋመ፤ ስሙም የአዲስ ሕይወት ቤት ተባለ። ሐኪሙ ራሱ ከሕሙማኑ ጋራ ቆሞ መጋዝና መዶሻ፥ መላጊያም አያያዝ አስተማራቸው። እነርሱም ከእንጨት የልጆች መጫወቻ እየሠሩ ይሸጡ ጀመር። ምጽዋት ሲቀበል የነበረ እጅ ዋጋ ተቀበለ።

በሥራ ቤቱም ሌላ ምሥጢር ተገለጠ። ሰዎች የሥጋ ደዌ ጣትን አበስብሶ የሚጥል ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ዶክቶር ብራንድ የዛገ ቍልፍ ለመክፈት ሲታገል፥ አንድ ትንሽ ልጅ ቀርቦ በቀላሉ ከፈተው። ሐኪሙ ተደንቆ ቢመለከት፥ የልጁ ጣት እስከ አጥንቱ ተቈርጦ ደም ይፈስሳል፤ ልጁ ግን አልተሰማውም ነበር። ሌሎች ደግሞ ማታ ደኅና የነበረውን ጣታቸውን ጠዋት ጐድሎ ያገኙት ነበር። ሌሊት ቢጠብቁ፥ አይጥ እየመጣ የማይሰማቸውን ጣት ሲበላ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ድመት ተሰጠው። እንግዲህ ጣትን የሚያጠፋው ሕመም ሳይሆን ሕመም አለመሰማቱ መሆኑ ታወቀ።

ዶክቶር ብራንድ ይህን በራሱም ላይ ቀመሰው። አንድ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከረጅም የባቡር መንገድ በኋላ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ፥ ተረከዙ እንደ ደነዘዘ ተሰማው። በመርፌ ቢወጋው ምንም አልተሰማውም። በሽታው የያዘው መስሎት ሌሊቱን ሙሉ በጭንቀት ዐደረ። ሲነጋ ዳግመኛ በመርፌ ወጋው፤ በዚህ ጊዜ ግን እጅግ አመመው። ለካ የደነዘዘው በባቡር ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ስለ ተቀመጠ ነበር። ስለዚያ ሕመም እግዚአብሔርን አመሰገነ። ከዚያም ወዲህ ሕመም ሥጋን የሚጠብቅ መልካም ዘበኛ እንደ ሆነ ያስተምር ነበር።

አንድ ሐኪም የዓለሙን ሁሉ እጅ ሊያቀና እንደማይችል ዶክቶር ብራንድ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ጥበቡን ለራሱ አልሰወረም። ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞችን አስተማረ። የአፍሪካም ሐኪሞች በአፍሪካ ምድር እንዲማሩ ከሌሎች ጋራ ዐስቦ ስለ ደከመ፥ አለርት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በዚያም ሕሙማን ይታከማሉ፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮችም ሐኪሞችና ሠራተኞች እየመጡ ተምረዋል። በ1970 ዓ.ም. ከአጠገቡ በሐንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ቤት ተጨመረ። አለርት ዛሬ ሌሎችንም በሽታዎች የሚያክም ታላቅ ሆስፒታል ነው።

ዶክቶር ብራንድ በ1966 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ በካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ብዙ ዓመት ሠራ። በስኳር በሽታ እግራቸው የደነዘዘባቸውንም ሰዎች ከቍስል መጠበቅን አስተማረ። በ2003 ዓ.ም. በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

በእርሱ ሕፃንነት መድኃኒት ያልነበረው በሽታ ዛሬ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት መድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወዲያው በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፍ ይተዋል። ፈጥኖ የታከመም እጁ ሳይታጠፍ ይድናል። እንግዲህ ቅርጫት የሚያቃጥል ፍርሃት ዛሬ አያስፈልግም።

ከፖል ብራንድ ሕይወት ሰው ይህን ይማራል። በልጅነት በትጋት የተማሩት ሥራ፥ ትንሽ ቢመስልም፥ አይጠፋም፤ ቀኑ ሲደርስ ይገኛል። የታመመን ሰው መርዳትም ቍስሉን በመጠቅለል ብቻ አይፈጸምም። ሐኪም የታጠፈውን ጣት ይዘረጋል፤ ባለቤቱ በትዕግሥት ያለማምደዋል፤ ጎረቤት ደግሞ ያንን እጅ ሳይፈራ ይጨብጣል፥ ሥራም ይሰጠዋል። ሦስቱ በተባበሩ ጊዜ እጁ በእውነት ዳነ ይባላል።