አልፍሬድ ቡኺ፦ ለሞተር ትንፋሽ የጨመሩት መሐንዲስ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ አቅራቢያ የሚጀምረው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ገደል ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ ዛሪማ ሲወረድ የከፍታው ልዩነት ከ1ሺህ ሜትር ይበልጣል። ይህን ዳገት እንደተጫነ የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ያየ ሰው ጥቁር ጭሱን አይረሳውም።

ጭሱ ምክንያት አለው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር ትንፋሹ ያጥረዋል፤ የአሮጌው መኪና የናፍጣ ፓምፕ ግን የለመደውን ያህል ነዳጅ መላኩን አይተውም። በደንብ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የሞተሩ ጉልበትም በሩብ ያህል ይቀንሳል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነውን ተርቦ የፈለሰፉት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ናቸው። ሐሳባቸው የተነሣው ግን ከተራራ ሳይሆን ከጭስ ማውጫ ነበር።

ቡኺ ሐምሌ 11 ቀን 1879 በቪንተርቱር ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው በከተማዋ ታዋቂ በነበረው የዙልትሰር የማሽን ፋብሪካ በኃላፊነት ያገለግሉ ስለነበር ልጅየው ከሞተር ጋር የተዋወቁት ገና በማለዳው ነው ማለት ይቻላል። በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የምህንድስና ትምህርታቸውን በ1903 አጠናቅቀው በቤልጅየምና በእንግሊዝ ሠርተዋል።

ወጣቱን መሐንዲስ ዕረፍት የነሣው የሚባክነው ሙቀት ነበር። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ኃይል ሲሶ ያህሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ቡኺ ይህ ትኩስ ጭስ ተርባይን እንዲያሽከረክር፣ ተርባይኑም በተያያዘበት ዘንግ አማካይነት አየር የሚያምቅ ኮምፕሬሰር እንዲያዞር፣ የታመቀውም አየር ወደ ሲሊንደሮቹ እንዲገባ የሚያደርግ ሥርዓት ነድፈው ኅዳር 16 ቀን 1905 በጀርመን የፈጠራ መብት ጠየቁበት። ዕድሜያቸው 26 ዓመት ነበር።

ከወረቀት ወደ ሥራ ለመሸጋገር ግን 20 ዓመት ፈጀ። ወደ ዙልትሰር ተመልሰው የምርምር ሥራ ከመሩ በኋላ በ1915 የሞከሩት የመጀመሪያው ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር የሚፈለገውን ግፊት ጠብቆ መዝለቅ አቃተው። በሦስት ዓመት ልዩነት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ በበኩላቸው ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ይዘው ወጡ። ከፍታው 4ሺህ 300 ሜትር፣ ከራስ ዳሸን ጥቂት የሚያንስ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ወደ 230 ወርዶ፣ ተርቦ ሲገጠምለት 356 ደረሰ። የሊማሊሞን ጥያቄ ከዚህ በተሻለ የመለሰ ሙከራ ያለ አይመስለንም።

ቡኺም ተስፋ አልቆረጡም። በ1925 የየሲሊንደሮቹ ጭስ እርስ በርሱ እንዳይረባበሽ በተለያዩ ቧንቧዎች ወደ ተርባይኑ የሚደርስበትን ዘዴ አስመዘገቡ። በ1926 ወደ ባሕር የወረዱት ፕሮይሰን እና ሃንዘሽታት ዳንዚግ የተባሉት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች በዚሁ ጥበብ የሞተራቸው ጉልበት ከ1ሺህ 750 ወደ 2ሺህ 500 የፈረስ ጉልበት አደገ። ስዊዘርላንዳዊው ዛውረር ኩባንያም በ1938 ተርቦን ለጭነት መኪና አበቃው።

ቡኺ ጥቅምት 27 ቀን 1959 አረፉ። ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ተርቦ የቤት አውቶሞቢሎች፣ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌ ኮርቬር፣ በ1962 ሲወጡ በሕይወት አልነበሩም። ጄትፋየር ከነዳጁ ሌላ ተጨማሪ ፈሳሽ ይፈልግ ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ስለዘነጉት መኪናው በሁለት ዓመት ውስጥ ከምርት ወጣ። በውድድር መኪኖች ዘንድ ግን ምርጫው ሕጋዊ መልክ ነበረው። የፎርሙላ ዋን ደንብ 3 ሊትር ተርቦ አልባ ወይም 1 ነጥብ 5 ሊትር አየር የሚጨመርለት ሞተር ይፈቅድ ነበር። በ1977 ሁለተኛውን መርጦ የገባው ሬኖ የመጀመሪያውን የቀዳሚ መነሻ ቦታ ያገኘው በ1979 በደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ፣ 1ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ የሳሳበት ስፍራ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም።

ይሁንና ተርቦ ሁልጊዜ ይመረጣል ማለት አይደለም። በመስክ ሥራ የሚታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ባለ 4 ነጥብ 2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ተርቦ የለውም፤ ደባርቅ ሲደርስ ጉልበቱ መቀነሱ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው፤ እግር ሲረገጥም ወዲያው ይታዘዛል። በሊማሊሞ ጠባብ እጥፋቶች የሞተሩ ዙር ሲወርድ ባለ ተርቦው እስኪነቃ ጥቂት ያመነታል፤ ሾፌሩ ቀድሞ ማርሽ መቀነስ ይኖርበታል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጉልበት መጨመሩ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ከባድ ማርሽና ጤነኛ ፍሬን ነው።

የግዥ ኮሚቴዎች የጉልበቱን አኃዝ ከመመልከታቸው በፊት ተሽከርካሪው በምን ከፍታ እንደሚሠራና በወቅቱ ንጹሕ ዘይት የሚቀይርለት ሰው መኖር አለመኖሩን ቢጠይቁ ይበጃል። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ይኸው ዘይት ነው። ዳገቱን ጨርሶ ደባርቅ የገባ ሾፌር ሻይ ቸኩሎ ሞተሩን ወዲያው ካጠፋው፣ ግሎ የቆመው ዘይት እዚያው ይከስላል። ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ቆሞ እንዲሠራ ማድረግ በቂ ነው።