ቶማስ ሂሊየር እና የታመቀው ኩላሊት

በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ቶማስ ሂሊየር፣ እ.ኤ.አ. በ1865 የአንድ አራት ዓመት ልጅ ሕክምና ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። የልጁ ኩላሊት መውጫ ባጣ ሽንት አብጦ ሆዱን ወጥሮት ነበር። በዚያ ዘመን ሆድ መክፈት ለሞት ያጋልጥ ስለ ነበር፣ ሂሊየር በቆዳ በኩል ወግቶ ፈሳሹን አወጣ። ነገር ግን መዘጋቱ ስላልተወገደ ኩላሊቱ እንደ ገና ሞላ፤ እርሱም ደጋግሞ ወጋ። ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረውም፤ በ1868 ሲሞት ራጅ ሊገኝ ገና 27 ዓመት ይቀር ነበር። ዘዴው በ1955 በዊላርድ ጉድዊን እና በባልደረቦቹ ዳግመኛ ታወቀ፤ ዛሬ የመርፌውን መንገድ አልትራሳውንድ ያሳያል። ከሲናና ገጠር ወደ ጎባ ለሕክምና ለሚመጣ ሕፃንም ትምህርቱ ያው ነው፦ ማፍሰስ ፋታ ይሰጣል እንጂ የመዘጋቱን ምክንያት አያስወግድም።