ሄንሪየታ ላክስ (1920–1951)፦ ትክክለኛ ዓይነቱ ዘግይቶ የታወቀ የማኅፀን በር ካንሰር

ወይዘሮ ሄንሪየታ ላክስ እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሮአኖክ ከተማ ተወለዱ። የ4 ዓመት ሕፃን ሳሉ እናታቸው በመሞታቸው፣ ክሎቨር በተባለች የገጠር መንደር በአያታቸው ቤት በትንባሆ እርሻ እየሠሩ አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከዴቪድ ላክስ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ፤ ኋላም ወደ ባልቲሞር አቅራቢያ ተዛወሩ። አምስት ልጆችም ወለዱ።

አምስተኛውን ልጅ ከማርገዛቸው በፊት ማኅፀናቸው አካባቢ እንደ ቋጠሮ ያለ ነገር እንደሚሰማቸው ለቅርብ ዘመዶቻቸው ነግረው ነበር። ከወለዱ በኋላ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ ደም ሲፈሳቸው፣ መጀመሪያ ያዩአቸው ሐኪም ቂጥኝ መስሏቸው ነበር፤ ምርመራው ግን አለመሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄዱ፤ ዘመኑ ጥቁሮች በተለየ ክፍል የሚታከሙበት ነበር። ዶክተር ሃዋርድ ጆንስ ሲመረምሯቸው በማኅፀን በሩ ላይ ሲነካ በቀላሉ የሚደማ ሐምራዊ ዕጢ አገኙ። የሚያስገርመው፣ በወሊድ ጊዜም ሆነ ከ6 ሳምንት በኋላ በተደረገላቸው ምርመራ በማኅፀን በሩ ላይ የተመዘገበ ችግር አልነበረም።

ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ የማኅፀን በርን ውጫዊ ሽፋን የሚያጠቃውና በብዛት የሚታየው ስኩዌመስ ካንሰር ነው ተባለ። በወቅቱ የተለመደው የሬዲየም ሕክምና ቢሰጣቸውም በሽታው በመላ አካላቸው ተሠራጭቶ ኦክቶበር 4 ቀን 1951 በ31 ዓመታቸው አረፉ። መቃብራቸው እስከ 2010 ድረስ ድንጋይ አልቆመለትም።

ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ከዕጢው የተወሰዱት ሕዋሳት ግን በቤተ ሙከራ መባዛታቸውን አላቋረጡም፤ የፖሊዮ ክትባትን ለመፈተሽም አገልግለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዶክተር ጆንስና ባልደረቦቻቸው ናሙናውን ዳግም መርምረው፣ ዕጢው ከማኅፀን በር ዕጢያማ ሕዋሳት የሚነሣው አዴኖካርሲኖማ እንደነበር አሳወቁ። በዚያ ዘመን ለሁለቱም የሚሰጠው ሕክምና አንድ ስለነበር ስሕተቱ የሕክምናውን መንገድ አልለወጠም። ይህ ዓይነት ካንሰር ከስኩዌመስ ይልቅ ጥቂት ሴቶችን የሚይዝ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከማኅፀን በር ቦይ ውስጥ ስለሚጀምር በዓይን ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል።

በ1980ዎቹ በጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን የተመራ ቡድን በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ኤች.ፒ.ቪ. 18 የተባለውን ቫይረስ አገኘ። ግኝቱ ለክትባቱ መንገድ ከፈተ። ክትባቱ በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ።

በሀገራችን በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የቅድመ ካንሰር ልየታ በዋናነት የታሰበው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉና ምልክት ለሌላቸው ሴቶች ነው። ምልክት ያላት ሴት ጉዳይ የተለየ ነው። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ደጋ ረጅም መንገድ ተጉዛ ጤና ጣቢያ የደረሰች የ25 ዓመት ወጣት ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባዋ ውጭ ደም እንደሚፈሳት ከተናገረች፣ ዕድሜዋ ለልየታ አልደረሰም ተብላ ልትመለስ አይገባም። የአሲዱ ምርመራ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ መድማቱ ከቀጠለ፣ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ እንዲታይላት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ሊጻፍላት ይገባል።