ነርሷ ፍራንሲስ በርክና ጨርቆቿ

እኛ ቤት ነርሲንግ የእንጀራ ነገር ነው። አልጠላውም፤ ግን የፋርማኮሎጂ ደብተሬ ጠርዝ በሙሉ ጥለት ነው። ስለዚህ የሜልበርኗ የጨርቅ ዲዛይነር ፍራንሲስ በርክ መጀመሪያ ነርስ እንደነበረች ሳነብ ደነገጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ1904 እዚሁ ሜልበርን ተወለደች። ነርስነቱን ትታ ሥዕል ተማረች፤ በ1937 ከሞሪስ ሆሎዌይ ጋር በርዌይ ፕሪንትስ የተባለውን ማተሚያ ከፈተች። ሥራቸው በስክሪን ነበር፤ ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ውስጥ ቀለሙ እየተገፋ ይታተማል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን አለው። እሷ ብዙ ጊዜ አንድ ቀለም በነጭ ላይ ትመርጥ ነበር። የእናቴን የሀበሻ ቀሚስ ያስታውሰኛል።

ከሙዚየም ዕቃዎችም ቅርጽ ትወስድ ነበር፤ ከአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች ዕቃዎች። ራንጋ የተባለው ጨርቋ ከእነዚህ አንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አልስማማትም፤ ጨርቁ የሚጠራው በእሷ ስም ነው፣ ቅርጹ ግን የሌላ ሕዝብ ነው።

በ1994 አረፈች። ሥራዎቿ አርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል። ዛሬ ውድ የፋሽን ቤቶች የድሮ ህትመቶችን እያወጡ ነው፤ ሎዌ በ2017 የዊልያም ሞሪስን አበቦች ቦርሳ ላይ አውሏል። የፍራንሲስም ተራ ቢደርስ ደስ ይለኛል። ራንጋን ለማውጣት ግን አስቀድሞ የቅርጹ ባለቤቶች ይጠየቁ።

ባለፈው ፉትስክሬይ ጥለት ያለው ቀሚስ ገዛሁ። እናቴ ገልብጣ ጀርባውን ዳሰሰችው። ክር የለውም፣ በማሽን የታተመ ነው።