ሰር ቶማስ ዌድና የቻይና አገር ስሞች

በአሮጌ የእንግሊዝኛ ካርታ ላይ ኩዋንግቱንግ፣ በአዲሱ ላይ ጓንግዶንግ የሚል ስናነብ ሁለት አገር ይመስለናል። አገሩ ግን አንድ ነው፤ የተለወጠው አጻጻፉ ነው። ለአሮጌው አጻጻፍ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሰር ቶማስ ዌድ ናቸው።

ዌድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 በለንደን ተወለዱ። ቻይናን ያወቁት በ1842፣ በኦፒየም ጦርነት ጊዜ፣ ወታደር ሆነው ነው። በኋላ ቋንቋውን ተምረው በፔኪንግ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። በ1867 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ የፔኪንግን አነጋገር በላቲን ፊደል ጻፉ። ኸርበርት ጃይልስም አሻሽሎ በ1892 ባወጣው መዝገበ ቃላት አስፋፋው።

በዚህ አጻጻፍ ትንፋሽ ያለውን ድምፅ ከሌለው የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። የ«ተ» ፊደል ጭረት ከሌለው ወደ «ደ» ቀርቦ ይነበባል። ደንቡን ያላወቀ አንባቢ ዶንግን ቱንግ አለ፤ አታሚዎችም ጭረቷን እየተዉ ሁለቱን ድምፅ አደባለቁ።

ዌድ መጻሕፍታቸውን ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1888ም በዚያ የመጀመሪያው የቻይንኛ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1895 ሞቱ። ድካማቸውን አንንቅም። ነገር ግን ደንቡ የተሠራው ቋንቋውን ለሚማር እንግዳ ነበር፤ የባለአገሩን ስም በዓለም ፊት እንዴት መጻፍ እንደሚገባ ባለአገሩን የጠየቀው አልነበረም። ቻይና በ1958 ፒንዪን የተባለውን የራሷን አጻጻፍ አወጀች፤ በ1977 የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤ ተቀበለው። ታይፔ ግን ዛሬም በአሮጌው ትጻፋለች።

እንግዲህ ካርታ ስንገልጥ ስሙን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም እንጠይቅ።