ፊታውራሪ ገብርዬ

ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ከኋላው የተወ መንገደኛ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተነሡት ከዚህ ነው። ንጉሡ ቀድሞ ወታደሩ ደመወዝ እንዲያገኝና ገበሬውን እንዳይዘርፍ አዝዘው ነበር፤ በኋላ ግን በጌምድር በዚያው ጦር ተዘረፈች። ሕዝቡ ሸፈተ፤ ሠራዊቱም እየከዳ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀረ። ፊታውራሪ ገብርዬ ግን ከጌታቸው አልተለዩም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በስቅለት ዕለት፥ ጄኔራል ናፒር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር እሮጌ ደረሰ። ፊታውራሪ ማለት የፊት መሪ ነውና ገብርዬ ወታደሩን አስከትለው ከፋላ ተራራ ወረዱ። የእንግሊዝ ጠመንጃ ከኋላው ጎርሶ ቶሎ ቶሎ የሚተኮስ፥ የወገን ግን በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ነበረ። ገብርዬ እዚያው ወደቁ፤ 700 ያህል ወታደርም አብሮ አለቀ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በ3ኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

ለውትድርና የሚሰለፍ ወጣት ከገብርዬ ጽናትን ይማር፤ ከዚያ ጦር መፍረስ ደግሞ የወታደር ክብር የገበሬውን ጎተራ ካለመንካት እንደሚጀምር ይወቅ።