አክሊሉ ለማ እና የእንዶዱ አረፋ



የሕክምና ሊቃውንት ሲነሱ አብዛኞቻችን ወደ ኢብኑ ሲናና ወደ አር-ራዚ እንሮጣለን። እነሱን ማወቅ ደግ ነው። ዛሬ ግን የእናቶቻችንን እንዶድ ለዓለም ሳይንስ ስላስተዋወቁት ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንጽፋለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር የመጣን ተማሪዎች እንዶድን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገንም። በየአጥሩ ዳር የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል፤ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። እኛ ደረሳ ሳለን ልብሳችንን ይዘን ላህ ወንዝ ስንወርድ ኦሞ ገብቶ ስለነበር እንዶዱን የሚወቅጡት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። ዙህር ሲደርስ እዚያው ውሃ ዳር ውዱእ አድርገን እንሰግድ ነበር። በዚያ ውሃ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል ያስተማረን አልነበረም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቢልሃርዚያ እንግዳ በሽታ አይደለም። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ይፈለፈልና የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከአንዲት ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ይወጣሉ፤ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ለመያዝ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር ነክሮ መታጠብ ይበቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መውረጃና በቆመ ውሃ ላይ መጸዳዳትን መከልከላቸውን ሁላችንም ተምረናል። የበሽታው ሰንሰለት ከሚበጠስባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። ሌላው ቀንድ አውጣዋ ናት፤ ዶክተር አክሊሉ ዕድሜያቸውን የሰጡትም ለእሷ ነው።

በ1935 ተወለዱ። የዶክትሬት ትምህርታቸውን አሜሪካ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተከታተሉ። በ1964 ዓድዋ ውስጥ በወንዞች ዳር ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ሴቶቹ በዚያ ቦታ ለብዙ ዘመን አጥበዋል፤ ብዙ ሰውም አልፎ ሄዷል። ቆም ብሎ ለምን ብሎ መጠየቅ የእሳቸው ድርሻ ሆነ።

የመጀመሪያ ግኝታቸውን ያወጡት በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት፣ በአጭር ጽሑፍ ነው። በማግስቱ ዓመት በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። አሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ከእንዶድ ገዳዩን ንጥረ ነገር ሲለይ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ለአንድ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ስም መጠራት ያለ አይመስለንም።

ሥራው ግን በላቦራቶሪ አልቀረም። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ በመጨመር በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ በከተማው በበሽታው የተያዘው ሰው ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ልጆቹን ለይተን ማየት ያለብን፣ አዲስ መያዝ መቀነሱን የሚያሳዩት እነሱ ስለሆኑ ነው፤ ትልልቆቹ የቆየ ትል ተሸክመው ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት ይዘው ለሃያ ዓመት ያህል በር አንኳኩ። ጥናታቸውን በ1970 ያተመው የዓለም ጤና ድርጅት የራሱ መጽሔት ነው፤ ድርጅቱ ግን እንዶድን ለአገልግሎት አልደገፈም። የደህንነት ምርመራው በታወቀ ደረጃ አልተሠራም ተባለ። ጥያቄው ራሱ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና ወንዝ ውስጥ የሚጨመርን ነገር መመርመር ግድ ነው። ግን ያን ምርመራ የሚያደርገው ላቦራቶሪ እዚህ አልነበረም፤ ገንዘቡ ያላቸውም አልቸኮሉም። በገበያ ላይ የነበረው የጀርመን ኬሚካል ለድሃ አገር ውድ ነበር፤ በየአጥሩ የሚበቅል ፍሬ ደግሞ ለፋብሪካ ትርፍ አያመጣም። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ የገንዘብና የመሣሪያ ብቻ አለመሆኑን በግልጽ ተናግረዋል፤ ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ማመን የከበዳቸው ሰዎች እንቅፋት እንደሆኑባቸው ጭምር።

በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። ለገሰ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ዓይነት 44 የተባለውን ኃይለኛ ዘር የመረጡ ናቸው። ስማቸው ብዙ አይነሳም፤ መነሳት ነበረበት። የተጠየቀው የደህንነት ምርመራም በካናዳ ድጋፍ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚጥመው ደግሞ ይህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሃ ቧንቧ በሚደፍኑ የዜብራ ቀንድ አውጣ ዘመዶች ላይ እንዶድን ሞከሩት፤ ሠራም። ከዚያ የመጣው የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የእናቶቻችን እውቀት የማን ነው የሚል ክርክር አስነሳ።

ዶክተር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ላህ ውስጥ ያለችውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካትም፤ ልጁም ክኒኑን ውጦ በማግስቱ ወደዚያው ውሃ ይወርዳል።